አረቄ ያልገባበት መድኃኒት

ጋሽ ፕሬንክ ባርዳ የምትባለውን ፍየላቸውን እየጎተቱ ወደ ሥጋ ሻጩ ሲወርዱ፣ ድልድዩ ላይ ከጎረቤታቸው ልጅ ከዲሌ ጋር ተገጣጠሙ። ዲሌ ዋና ከተማው ቲራና ቤተ ሙከራ ውስጥ የምትማር፣ ለእረፍት የመጣች ልጅ ናት። ለባርዳ የጡት ቁስል ከጦስኝ ዘይት መድኃኒት የሠራችውም እሷ ነበረች።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?»

«ወደ ቢላዋ። መድኃኒትሽ አልሠራም፤ ጭራሽ ባሰባት።» ጠርሙሱን ከኪሳቸው አወጡ። ከላይ ቢጫ ዘይት ተንሳፍፏል፤ ከሥር ውሃ ነው።

ዲሌ አሸተተችው። «የኔ እኮ እንደ ምንጭ የጠራ ነበር።»

«እሱን አይደል የምልሽ። ውሃ ነው። አያቃጥል፣ አያንገበግብ። ትንሽ አረቄ ጨመርኩበት።»

«ትንሽ ስንት ናት?»

«ሁለት መለኪያ። አንዱ እንኳ የራሴ ነበር፤ ለሷ ብዬ ተውኩት።»

ሰው ያላንገበገበውን አያምንም። ጋሽ ፕሬንክ ደግሞ ለጥርስም ለጉንፋንም ለሐዘንም አረቄ ሲያዝዙ የኖሩ ናቸው።

«ጋሼ፣ ወተት ውስጥ ቅባት አለ?»

«ፍየል አርቢ ይሄ ይጠየቃል? ቅቤው ከየት ሊመጣ ኖሯል።»

«ታዲያ ሲታለብ ለምን አይንሳፈፍም?»

«ደቅቆ ተበትኖ ነዋ።»

«የኔም እንደዚያው ነው። ዘይቱን ከውሃ በሚያስታርቅ ነገር ለወስኩት፤ ከዚያ ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረግኩ፣ እያማሰልኩ፣ ዓይን እስከማያየው አደቀቅኩት። የጠራው ስለደቀቀ ነው። ደቃቁ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ባክቴሪያውን ያገኘዋል። ድፍን ዘይት ግን ላይ ላዩን ተኝቶ ቆዳዋን ይለበልባታል። እስቲ ወተት ላይ ሁለት መለኪያ አረቄ ያፍስሱበት።»

«ይበጣጠሳል» አሉ ጋሽ ፕሬንክ። የባርዳን የቀላ ጡት አዩ። ሟች ሚስታቸው ማራ በጡጦ ያሳደገቻት ፍየል ናት። «የለበለብኳት እኔ ነኛ።»

ገመዱ ላላ።

«ሌላ አለሽ?»

«አለኝ፤ የከብት ሐኪሙም አይቶታል። አረቄው ግን እርስዎ ጋ ይቅር።»

ከሁለት ሳምንት በኋላ ጋሽ ፕሬንክ አይብ ይዘው እነዲሌ ቤት መጡ።

«የባርዳ ነው። በታለበች ቁጥር ጡቷን መድኃኒቱ ውስጥ ነከርኩት፤ ቁስሉ ጠገገላት። ድሮ ቁስል ላይ ያን ሁሉ ድፍን ዘይት ስደፋ የኖርኩት ለካ ለከንቱ ነው፤ ጥቂት ጠብታ ትበቃለች። ቆዳዋ አልተላጠ፣ ወተቱም መድኃኒት ገባበት ተብሎ አልተደፋ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ የማራን ፍየል አተረፍሽልኝ።»

ከዚያ ከደረት ኪሳቸው አረቄ አወጡ።

«ይሄኛውስ ለምኑ ነው?» አለች ዲሌ።

«ለምስጋና። ለሱ እንኳ ካላንገበገበ አይሆንም።»