ያሳቃችሁ ውሃ ሻጭ

ክቡራትና ክቡራን፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እኔን ለመሸኘት ብላችሁ ቅዳሜያችሁን ስለሰዋችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ዳይሬክተራችን ጋሽ ብርሃነመስቀል፣ ለበጉም ለመልካም ቃልዎም አመሰግናለሁ። ንግግሬን በወረቀት ጽፌ የመጣሁት መናገር ስለማልችል እንዳይመስላችሁ። ፈርቼ ነው።

ምን ያስፈራሃል ትሉኛላችሁ? በጥር ይህችን አገር ለሁለት ሊከፍል የሚችለው ሕዝበ ውሳኔ? ወደ አገሬ የሚመልሰኝ የነገው አውሮፕላን? አይደለም። የሚያስፈራኝ ሰኞ ለተማሪዎቻችን የሚታደለው የልቦለድ መድበል ነው። የመጀመሪያው ልቦለድ የእኔ ነው።

አራት ዓመት በዚህ የአበሻ ትምህርት ቤት፣ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ፣ የድሮ አሜሪካውያን ስለየገጠራቸው የጻፏቸውን አጫጭር ልቦለዶች አስተማርኩ። ወንዙም ምግቡም አነጋገሩም የአካባቢውን ቀለም ይዟል እያልኩ። አንድ ቀን ጋምቤላ ያደገችው መምህርት ኛማል ከኋላ ተቀምጣ ስታዳምጥ ቆየችና፣ "ጋሼ የሺጥላ፣ በታሪኩ ውስጥ ነጩ ጌታና ጥቁሩ አገልጋይ ያደጉት አንድ መንደር ነው። የአገልጋዩ ንግግር ብቻ ለምን ተንሻፎ ተጻፈ?" አለችኝ።

"ቀለም ነዋ!" ብዬ ሳቅሁ።

ከዚያ እኔም ቀለም አማረኝ። ሀይ ጀላባ ሰፈር ስላለ ምግብ ቤት ጻፍኩ። ባለቤቷ አበሻ፣ አማርኛዋ ማር። ከወንዙ ማዶ ከጉምቦ በብስክሌት ውሃ የሚያመጣላት ሰው ግን አፉን በከፈተ ቁጥር በተሰባበረ አማርኛው መሳቂያ። መምህራን ክፍል ሳነብላችሁ የሒሳቡ ዳምጠው ከወንበሩ ሊወድቅ ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ኛማል አልሳቀችም። "አጎቴን ነው የጻፉት" አለችኝ በኋላ። "ኑዌርኛ፣ ዲንካኛ፣ ባሪኛ፣ ዓረብኛ፣ እንግሊዝኛ ይናገራል። አማርኛ ስድስተኛው ነው። እርስዎ አራት ዓመት ኖረው 'በካም?' ብሎ ዋጋ ከመጠየቅ ሌላ ምን ተማሩ?"

ለካ ጥቁር ሆኖም እንደዚያ ነጭ ጌታ መጻፍ ይቻላል።

ትናንት መድበሉን ይዤ ጉምቦ አጎቷ ዘንድ ሄድኩ። ድልድዩ ላይ ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመለስኩ። ቢመታኝስ? ቢያለቅስስ? ቁጭ ብዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ፣ "ሴትዮዋ ስም አላት። ውሻዋ እንኳ ስም አለው። እኔስ?" አለኝ።

የዚህን ትምህርት ቤት በርሜል አራት ዓመት የሞላው እሱ ነው። ከኛማል በቀር ከመሀላችሁ ስሙን የሚያውቅ አለ? ዳምጠው? ጋሽ ብርሃነመስቀል?

ጋትሉዋክ ይባላል። እኔም ትናንት ነው የሰማሁት።

ጋሽ ብርሃነመስቀል፣ የመድበሉን መግቢያ የጻፉልኝ በፍቅር ነው። ይቀየሙኛል ብዬ ስፈራ እስከ ዛሬ አፌን ዘጋሁ። አሁንም ፈርቻለሁ፣ ግን እለምንዎታለሁ፣ ሰኞ አይታደል። ከልጆቻችን ግማሾቹ የጋትሉዋክ ወገኖች ናቸው። ግማሹ ክፍል ሲስቅ፣ ግማሹ አንገቱን ሲደፋ ይታየኛል። እኔ ነገ እሄዳለሁ፣ ያ ሳቅ ግን እዚህ ይቀራል።

የበደልኳችሁ ይቅር በሉኝ። መጪው ጥር ለዚህች አገር የሰላም ይሁን። ልጆቻችሁ ይደጉ፣ ደጃችሁ አይዘጋ። በሄዳችሁበት ሁሉ፣ ስማችሁን ጠይቆ የሚጠራችሁ ጎረቤት አያሳጣችሁ።