«ይቅር በላቸው» ያልኩበት እሁድ

በእኛ ጊዜ ስላችሁ የጥንት ነገር እንዳይመስላችሁ፤ መንገድ እየተዘጋ ሱቅ ይሰበር የነበረበት ያ የግርግር ዓመት ነው፣ እዚሁ ከተማችን እጃጂ። አስቴር የምትባል ልብስ ሰፊ ጎረቤት ነበረችን፣ ሱቋ ከአጥራችን ጋር የተያያዘ። ታዲያ አንድ ሐሙስ በጠራራ ፀሐይ የተቆጡ ሰዎች መጥተው ሱቋን ሰበሩት፣ እና እሷ ወደ እኔ በር ሮጠች። «ኦቦ ገመቹ፣ ይክፈቱልኝ!» እያለች ትመታለች። እኔ ከውስጥ እጄን መቀርቀሪያው ላይ አድርጌ ቆሜያለሁ፣ ሰማችሁ? ቆሜያለሁ። ተከትለዋት ይገባሉ ብዬ ፈራሁ። ሚስቴ ክፈትላት እንጂ ብትለኝ ዝም በይ አልኳት። ታዲያ አስቴር ብትጠብቅ ብትጠብቅ አልከፈትኩም፤ በጓሮ አጥር ስትዘል ወድቃ ክንዷ ተሰበረ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። የንስሐውን ጸሎት የምመራው እኔ ሽማግሌው ነኝ። ታዲያ ጀመርኩ፤ ያ ዋቃ፣ አምላክ ሆይ፣ እነዚያን በደለኞች ይቅር በላቸው እላለሁ፣ ሕዝቡ አሜን ይላል፤ ይቅር በላቸው እላለሁ፣ አሜን ይላል። ዓይኔን ብገልጥ አስቴር ክንዷ በጨርቅ ታስሮ ፊት ለፊቴ ቆማለች፤ አትጸልይም፣ እኔን ታያለች። «ይቅር በለን» አልኩ ለማምለጥ። እሱም መደበቂያ ሆነብኝ፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ገብቼ ልጠፋ ነው እኮ! ቀና ብዬ፣ «እኔን ይቅር በለኝ። ሐሙስ ዕለት አስቴር በሬን ስትመታ እቤት ነበርኩ፣ አልከፈትኩላትም» አልኩ። አሜን ያለ የለም። ፓስተሩ አንገቱን ደፋ፣ ከኋላ የአንዱ ሳል ተሰማ።

ሰው ሲወጣ እሷ ወደ እኔ መጣች፣ እና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «መቀርቀሪያው ሲንቀሳቀስ ሰምቼ ነበር» አለችኝ። «ቢክዱኝ ኖሮ ሁለተኛ እዚህ አልመጣም ነበር። ይቅርታውን ግን ዛሬ አይጠይቁኝ፣ አልችልም።»

አልጠየቅኳትም። ክረምቱ እንዳለ ሳንነጋገር አለፈ። ታዲያ ጥቅምት ላይ ሚስቴ ታማ ተኛች፣ እና አስቴር መጣች፣ አልጋው አጠገብ ቁጭ ብላ ጸለየችላት። ስትጨርስ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ይህን ቤት በልቤ ስረግም ከርሜያለሁና እኔንም ይቅር በለኝ» አለች።

አላስችል አለኝ፣ ልጆቼ። አንቺ ምን በደልሽና፣ በዳዩ እኔ አይደለሁ ወይ አልኳት። እሷ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች፣ «ኦቦ ገመቹ፣ ኃጢአቱን ሁሉ ለብቻዎ ሊወስዱት ነው?» ብላ ሳቀች።