የድጋፍ ደብዳቤ ለትርንጎ

(ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ በአንድ የቆላ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመምህራን ክፍል፤ የባዮሎጂ መምህሩ አቶ አጥናፉ ፈተና ያርማሉ፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ ትርንጎ ደብዳቤ ይዛ ፊታቸው ቆማለች።)

አጥናፉ፦ ፈረምኩልሽ እኮ! ማህተሙን ማስመታት ብቻ ነው። ሌላ ምን ቀረው?

ትርንጎ፦ ቲቸር፣ ይሄ አምና ለታምራት የጻፉለት ነው።

አጥናፉ፦ ስሙን ቀይሬዋለሁ።

ትርንጎ፦ አዎ፣ ከላይ ትርንጎ ነኝ። ከሦስተኛው መስመር በኋላ ወንድ ሆኛለሁ።

አጥናፉ፦ አምጪው፣ እሱን አስተካክላለሁ። «ታታሪ፣ ጠባየ መልካም፣ ሰዓት አክባሪ።» ከዚህ በላይ ሙሽራም አይመሰገንም።

ትርንጎ፦ የማመለክትበት የአሜሪካ ኮሌጅ ጠባይ አልጠየቀም። «ይህች ተማሪ ከሌሎች በምን ትለያለች? ስለ እሷ የሚያስታውሱትን አንድ ቀን ይንገሩን» ነው የሚለው።

አጥናፉ፦ አንድ ቀን?! ዘጠና አራት ናችሁ እኮ አንድ ክፍል ውስጥ። እነሱ ጋ ስንት ናቸው?

ትርንጎ፦ አሥራ ሁለት።

አጥናፉ፦ የቀሩት ምን ሆነው?

ትርንጎ፦ የቀረ የለም። ኮሌጁ በሙሉ ስምንት መቶ ነው።

አጥናፉ፦ የኛ ዘጠነኛ ክፍል ይበልጠዋል! አሜሪካ ድረስ ለዚህ? እንደ ሰው ትልቁን አትመርጪም?

ትርንጎ፦ ትልቅ ቦታማ አሁንም አለሁ።

አጥናፉ፦ ... እሺ፣ እስቲ አስታውሺኝ። የት ነው የምትቀመጪው?

ትርንጎ፦ በመስኮቱ በኩል፣ መጨረሻ ዴስክ።

አጥናፉ፦ እዚያ አምስት ናችሁ።

ትርንጎ፦ ስድስት።

አጥናፉ፦ ጥያቄ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?

ትርንጎ፦ አንዴ፣ አሥረኛ ክፍል ሳለን። ምስጥ አዛዥ ሳይኖረው ኩይሳውን እንዴት አድርጎ ይገነባል ብዬ።

አጥናፉ፦ ምን አልኩሽ?

ትርንጎ፦ ፈተና ላይ አይመጣም አሉኝ።

አጥናፉ፦ መጣ?

ትርንጎ፦ አልመጣም።

አጥናፉ፦ ይኸው!

ትርንጎ፦ እኔ ግን አልተውኩትም። ከወንዙ ማዶ አሥራ ሰባት ኩይሳ አለ። ሦስት ዓመት ቁመታቸውን ለካሁ። ሽማግሌዎቹ ስለ እያንዳንዱ የሚያወሩትንም ጻፍኩ። አንዱ ሥር ታቦት ተደብቆ ነበር ይላሉ፤ አንዱ ጋ የተጣላ ሰው አይቀመጥም ይላሉ።

አጥናፉ፦ ለክተሽ ምን አገኘሽ?

ትርንጎ፦ ወሬ የሌለውን ኩይሳ ሰው አፈሩን ለምርጊት ይዝቀዋል። ወሬ ያለውን የሚነካው የለም። ትልልቆቹ ሁሉ ወሬ ያላቸው ናቸው።

አጥናፉ፦ ይሄ ባዮሎጂ ነው ወይስ ተረት?

ትርንጎ፦ ሁለቱም።

አጥናፉ፦ ሁለቱም የሚባል ትምህርት የለም ልጄ። ወይ ተፈጥሮ ነሽ ወይ ማኅበራዊ።

ትርንጎ፦ እዚያ አለ። ለዚህ ነው የመረጥኩት።

አጥናፉ፦ ወጪሽን ማን ይችላል?

ትርንጎ፦ እነሱ። ከመላው ዓለም ለስምንት ሰው።

አጥናፉ፦ ስምንት! ታዲያ እዚሁ አገርሽ ፈተናውን ብታልፊ አይሻልም?

ትርንጎ፦ አምና ከትምህርት ቤታችን ስንት ሰው አለፈ?

አጥናፉ፦ ... ሁለት።

ትርንጎ፦ ስምንት ይሻላል።

አጥናፉ፦ አፍ አለሽ ለካ! እስከ ዛሬ የት ደብቀሽው ነው? በይ፣ አንቺው ጻፊውና እኔ ልፈርም። ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ትርንጎ፦ ሞክሬ ነበር። እርስዎ ስለኔ ምን እንደሚሉ ጠፋኝ።

አጥናፉ፦ መቼ ነው የሚዘጋው?

ትርንጎ፦ ነገ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማህተሙን ቆልፈው ይወጣሉ።

አጥናፉ፦ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል። ቁጭ በይ። እዚያ ሳይሆን እዚህ፣ ፊት ለፊቴ። ዝም በይ ደግሞ።

ትርንጎ፦ ዝም ብያለሁ።

አጥናፉ፦ (ጽፈው ሲጨርሱ) እንኪ። ጮክ ብለሽ አንብቢው።

ትርንጎ፦ «ትርንጎን አራት ዓመት አስተምሬያታለሁ። አላውቃትም። በክፍሌ ዘጠና አራት ተማሪዎች አሉ። አንድ ቀን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ ፈተና ላይ አይመጣም ብዬ አስቀመጥኳት። እውነቱ ግን መልሱን አለማወቄ ነው...» ቲቸር፣ አያውቁትም ነበር?

አጥናፉ፦ ዛሬም አላውቀውም። ቀጥይ።

ትርንጎ፦ «እሷ መልሱን ፍለጋ ብቻዋን ሦስት ዓመት ወንዝ ስትሻገር እኔ ስሟን እንኳ አልያዝኩም ነበር። በእናንተ ክፍል አሥራ ሁለት ብቻ ናቸውና ምናልባት ታውቋት ይሆናል።» ...

አጥናፉ፦ ምነው? ፊደል ገደፍኩ?

ትርንጎ፦ የለም። በዚህ ግን አይወስዱኝም። አስተማሪዋ እንኳ አያውቃትም ይላሉ።

አጥናፉ፦ ይላሉ።

ትርንጎ፦ በዚያኛውስ?

አጥናፉ፦ በዚያኛውም አይወስዱሽም። እንደሱ ያለ ሺህ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። እኔ ብቻ ሠላሳ ጽፌያለሁ፤ አንድ ሰው አልሄደም።

ትርንጎ፦ ታምራትስ?

አጥናፉ፦ ባጃጅ ይነዳል። ሰዓት ግን ያከብራል።

(ትርንጎ ሁለቱን ደብዳቤዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ታስቀምጣለች።)

አጥናፉ፦ በይ፣ ርዕሰ መምህሩ ቁልፉን ማንቃጨል ጀምረዋል። የትኛውን ይዤ ልግባ?

ትርንጎ፦ እምቢ መባሌ ካልቀረ፣ በታምራት ደብዳቤ ሳይሆን እኔው ራሴ እምቢ ልባል። ይሄኛው ላይ ያስመቱልኝ።