የበላይነሽ ጉልበት

ስሙኝማ ልጆቼ። ዶሮዬ ጎመኗን ከጫረችባት ወዲህ ጎረቤቴ በላይነሽ አኩርፋኝ፣ በር ላይ ስንገናኝ እንኳ ፊቷን ታዞርብኝ ነበር። ቤታችን የሚለየው በአንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ እኛ ጴንጤዎች ደግሞ ስንጸልይ ድምፃችንን ታውቁታላችሁ። ዛሬ ጠዋት ተንበርክኬ፣ «ጌታ ሆይ፣ የበላይነሽን ቀኝ ጉልበት ዳስስልኝ፤ እኛንም አስታርቀን» እያልኩ ሳለቅስ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የሚያመኝ እኮ ግራው ነው» አትለኝ መሰላችሁ? ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ሮጥኩ። እሷም እያነከሰች በሩን ከፍታ ጠበቀችኝ፤ ተቃቅፈን እንባችን እስኪመጣ ሳቅን።

ጌታማ የትኛው ጉልበት እንደሆነ መች ጠፋውና? እኔ ስሳሳት ዝም ያለኝ፣ እሷ አፏን እንድትከፍት ነው።