የሞቱበት ቀንና የተሰማበት ቀን

ወገኖቼ፣ ዛሬ የምንሸኛቸው ዶክተር ክብረት መርዕድ ከአባታቸው ከችግኝ ጣቢያ ኃላፊው ከአቶ መርዕድ ጎበና እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አዲስአለም በዳዳ በ1956 ዓ.ም. በሻሸመኔ ተወለዱ። ይህን የማነበው ታላቅ እህታቸው ነኝ።

ወንዶ ገነት ስለ ደን ተምረው ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ፣ ለዶክትሬት ትምህርት እኔ ወዳለሁበት ወደ ቶሮንቶ መጥተው፣ በሰሜን ካናዳ ደኖች የዛፎችን ሞት በኮምፒውተር ሞዴል የማስላት ሥራ ጀመሩ። ዛፍ ቆጣሪዎች አንዱን ቦታ የሚጎበኙት በየአምስት ዓመቱ ስለነበር፣ ደርቆ ያገኙትን ዛፍ ባገኙበት ዓመት እንደሞተ አድርገው ይመዘግቡት ነበር። እርሳቸው ግን ግንዱን ሰርስረው፣ የመጨረሻውን ዓመታዊ የዕድገት ቀለበት ፈልገው፣ በእውነት የሞተበትን ዓመት ያገኙ ነበር፤ ባጠኗቸው ቦታዎችም ሞቱ ከተመዘገበው ቀድሞ መጀመሩን አሳዩ። ሰሚ ብዙ አላገኙም፤ ደኑም መሞቱን አላቆመም።

እናታችን በፈረንጆች 1998 ሻሸመኔ ሲያርፉ፣ ዶክተር ክብረት ለመመረቅ ሰባት ወር ቀርቷቸው ነበርና፣ እስኪመረቁ እንዳይሰሙ የወሰንኩት እኔ ነኝ። የእማዬ ጆሮ ስለደከመ ስልክ አይሰሙም አልኳቸው። የጆሮ መሣሪያ ገዝተው እንድልክላቸው ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ። በተመረቁ በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎች ይዤ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን ሰፈር ወዳለው ቤታቸው በንጋት ስሄድ፣ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «እትዬ፣ ቀኑ መቼ ነበር?» ከዚያ ወዲያ ለአሥራ አንድ ዓመት ፍሌሚንግደን ፓርክ ሰፈር ያለውን ደጄን አልረገጡም።

ከወይዘሮ ኤፍራታ ዮሴፍ ጋር ተጋብተው ሀኒንና ቴዎን ወለዱ። የታረቁኝ ሀኒ በተወለደች ጊዜ ነው። ስለ መሣሪያው አንድም ቀን አላነሱብኝም፤ ቢያነሱት ይሻለኝ ነበር።

የቆሽት ካንሰር እንደያዛቸው ሐኪሞች ሲነግሯቸው፣ ከልጆቹ ይደበቅ ብንል እምቢ አሉ፤ ሞታቸውም ከማንም ለአንድ ቀን እንኳ እንዳይደበቅ እኔን አስማሉኝ። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ በአራት ሰዓት ከሃያ ሲያርፉ፣ ሻሸመኔ ለምትኖረው ታናሽ እህታችን ለቤዚ ወዲያው ደወልኩ። ብቻዋን ነበረች፤ የሚይዛት ሰው አጠገቧ አልነበረም፤ ጩኸቷን እስከ መጨረሻው ሰማሁ። ቃሌን ጠብቄአለሁ፤ የትኛው እንደሚከፋ ግን አላውቅም።

በስድሳ አንድ ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና ሁለት እህቶቻቸውን ትተውልን ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ያሳርፍ፤ እናታችንን ባገኟቸውም ጊዜ፣ የገዙላቸው መሣሪያ ከነእሽጉ እኔ መሳቢያ ውስጥ መሆኑን ይንገሩልኝ።