ጓንት ያልለመደ እጅ

ዝናብ ያባረራት የእህቱ ልጅ ማጠቢያ ቤቱ ውስጥ ዘው ስትል፣ አጣቢው በእንፋሎት መሃል ቆሞ አንሶላ ይጨምቅ ነበር። ነጫጮቹ አንሶላዎች ነፋስ ሳይኖር ቀስ ብለው ይወዛወዛሉ። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ሕልም በሚመስል ቤት ውስጥ ሲኖር፣ በረኪናው እጁን እየበላው መሆኑን ልብ ሳይል ቀረ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናትና ዓይኗ የበረኪናው በርሜል ላይ ከተጻፈው ላይ ዐረፈ።

«አጎቴ፣ ‹ዌር ግላቭስ› ይላል እኮ! ጓንት ያጥልቁ ማለት ነው።»

«እኔማ የፋብሪካው ስም መስሎኝ! ‹ዌር› ደግሞ ምንድን ነው?»

«ልብስ ቢለብሱ፣ ቀበቶ ቢታጠቁ፣ መነጽር ቢያደርጉ፣ ጓንት ቢያጠልቁ፣ እንግሊዞቹ ለሁሉም ‹ዌር› ነው የሚሉት።»

«ምነው፣ ቃል አልቆባቸው ነው?» ብሎ ሳቀ።

«ለመሆኑ ጓንት የለም?»

«ሞልቷል! ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እንግዳ ሲመጣ እናወጣዋለን።»

«እንግዳው ነው እንዴ የሚያጥበው?»

«አቤት ምላስሽ! ስሚ ልጄ፣ የአጣቢ ዓይኑ ጣቱ ነው። ሐሩን ከጥጥ በጓንት እንዴት እለየዋለሁ? ሐር እንደ ጥጥ ካሸሁ ጉድ ፈላ!»

እውነት አለው፤ የሞያ ኩራት ዝም ብሎ የሚናቅ ነገር አይደለም። እሷም አልናቀችውም።

«እንግዲያው ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ» አለችና መዳፉ ላይ አንድ ጨርቅ አኖረች።

አሻሸው። «ጥጥ!» አለ ሳያመነታ።

ዓይኑን ሲገልጥ የደንበኛ የሐር ሻሽ ነው። ክው አለ። የሻከረና የቆሰለ መዳፉን ገልብጦ አየው።

«ለካ ለዚህ ነው» አለ። «የልጅ ልጄን ስነካት ታለቅሳለች። እናቷ ‹አባዬ፣ እጅህ ይቧጭራታል፣ ተዋት› አለችኝ። አንጀቴ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ አላቀፍኳትም።»

አስተማሪዋ እጁን ያዝ አደረገችው። «ሐሩን አስቀድመው፣ ገና ደረቅ ሳለ በዓይንም በእጅም ይለዩት። ውሃው ጋ ሲደርሱ ጓንቱን ያጥልቁ። እጅዎን ቅባት አይለየው። ይድናል አጎቴ።»

«እስቲ ያን የቁም ሳጥን ቁልፍ አቀብዪኝ!»

ከዚያ ወዲህ ቁስሉ ደረቀ፣ ቆዳው ለሰለሰ፤ ልብሱም አስቀድሞ ስለሚለይ የሚበላሽ ሐር ጠፋ። የማጠቢያ ቤቱ ባልደረቦቹ መጀመሪያ «ሐኪሙ መጡ!» እያሉ ቢያሾፉበትም፣ ኋላ እነሱም ማጥለቅ ጀመሩ። ጤና የእንግዳ ማሳያ አለመሆኑ ገባቸው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጁ ሕፃኗን ክንዱ ላይ አስተኛችለት። እጁ እየፈራ ጉንጯን ዳሰሰ። አላለቀሰችም።

«ትሞቃለች እኮ!» አለ እንባው እየቀደመው።