የመቶ ዶላሩ ኮሎኔል

ሻለቃ ደምሴን ለዜግነት ኢንተርቪው ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ። ቸርቻችን ውስጥ ያለ ማዕረጋቸው የሚጠራቸው የለም፤ ዳውንታውን ፓርኪንግ ሲሠሩ ግን «ሄይ፣ ፓፓ!» ናቸው። የዚያን ቀን ከስኔልቪል ወደ ኢሚግሬሽን ቢሮ እየነዳሁ ጥያቄዎቹን ስንከልስ፣ መቶ ዶላር ላይ ምስሉ ያለው ሰውዬ ጋ ስንደርስ ተቆጡ። «ኮሎኔል ነበሩ እኮ! ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ። በሃምሳ ዓመታቸው፣ በዚያ ብርድ፣ ድንበር ወርደው ምሽግ ያሠሩ ሰው ናቸው። እነዚህ አሜሪካኖች የመብረቁን ሙከራ ብቻ ያወራሉ። የሰው ማዕረግ እንዴት ይረሳል?» «ሻለቃ፣ በሞቴ፣ ዲፕሎማት ነበር ይበሉና እንለፍ» አልኳቸው።

እንደፈራሁት ኦፊሰሯ «ይህ ሰው በምን ይታወቃል?» ብላ እሱኑ ጠየቀች። ሻለቃ ቀጥ ብለው ተቀመጡና «ኮሎኔል ነበሩ» አሉ። ዲፕሎማት ብዬ ላልፈው ምንም አልቀረኝ፤ ግን በትክክል ልተረጉም ምያለሁና እንዳለ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ሌላስ?» «ማተሚያ ቤትም ነበራቸው» አሉ፣ ቅር እያላቸው። «እሱ ይያዝልዎታል» ብላ ሳቀች። «ለመሆኑ ሰውዬው ኮሎኔል እንደነበረ እሳቸው ከየት አወቁ?» ስትለኝ፣ «እሳቸውም ወታደር ነበሩ፤ ሜጀር» ብዬ ማዕረጋቸውን ተርጉሜ ነገርኳት።

ሲያልቅ ተነሥታ እጇን ዘረጋችላቸው። «ኮንግራጁሌሽንስ፣ ሜጀር!» ልተረጉም አፌን ስከፍት ሻለቃ በእጃቸው አስቆሙኝ።

«ተይው ልጄ፤ ይቺስ ገብታኛለች።»